የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ (የጥበብ ጥርስ የሚባለው) ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይወጣል። ባሕር ዳር ለማስነቀል የሚመጣ ሰው ከሐኪሙ ቀድሞ የጎረቤትና የዘመድ ምክር ይደርሰዋል። ምክሩ ከደግነት ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው የሚጎዳው ያንኑ አንድ ነገር ነው፦ ጥርሱ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ የሚረጋውን ደም። ያ ደም አጥንቱንና ነርቩን ይሸፍናል፤ አዲሱ ሥጋም የሚያድገው በእሱ ላይ ነው።

«የላይኛው ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል»

አይጠፋም። የጥርስ ነርቭና የዓይን ማያ ነርቭ መንገዳቸው የተለያየ ነው። የላይኛው መንጋጋ ሥር የሚቀርበው ከአፍንጫ ጎን ካለው ባዶ የአጥንት ክፍል ጋር ነው። ስለዚህ የላይኛውን ያስነቀለ ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል በኃይል አይናፈጥ፤ ማስነጠስ ከመጣበትም አፉን ከፍቶ ያስነጥስ። የጠጡት ውኃ በአፍንጫ ከወጣ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

«ካበጠ አይነካም፣ መጀመሪያ ይውረድ»

ግማሹ እውነት አለው። በተቆጣ ድድ ውስጥ ማደንዘዣ በደንብ አይሠራም፤ አፍ አልከፈት ካለም ሐኪሙ አስቀድሞ አጥቦ መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል። ይህን የሚወስነው ግን መርምሮ ራጅ ያየ ባለሙያ ነው። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን እየገዙ ለሳምንታት መቆየት እብጠቱን ለጊዜው ያበርደዋል እንጂ ጥርሱን የሸፈነው ድድ ሥር የሚገባው ምግብ እዚያው ነው፤ ተመልሶ ያብጣል። የጥርስ ትል ያወጣል ተብሎ የእምቧይ ፍሬ ጭስ መታጠንም አይረዳም። ጥርስን የሚበላ ትል የለም፤ ጥርስን የሚቦረቡረው ባክቴሪያ ከስኳርና ከስታርች የሚሠራው አሲድ ነው።

«ሁሉም መነቀል አለበት፣ የፊት ጥርስ ያጣምማል»

ቀጥ ብሎ የወጣ፣ የሚጸዳና የማያም ከሆነ ይቀመጥ። የፊት ጥርስ የሚጣበበው በዚህ ጥርስ ግፊት ነው የሚለውም አልተረጋገጠም።

«መጥፎው ደም እንዲወጣ እየተፉ በጨው መጉመጥመጥ»

ከሁሉም ምክር የሚከፋው ይህ ነው። መትፋትም መጉመጥመጥም በስትሮ መሳብም ገና የረጋውን ደም ነቅለው ያወጡታል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ የተሰጠዎትን ጎዝ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አጥብቀው ይንከሱ፤ በየአምስት ደቂቃው እያወጡ አይዩት። ምራቅዎን ይዋጡ። ጠብታ ደም ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ብዙ ይመስላል፤ እስከ 24 ሰዓት ምራቁ ቀላ ቢል አያስደነግጥም። ደሙ ከቀጠለ ቀጥ ብለው ተቀምጠው በውኃ የራሰ ንጹሕ ጎዝ አጥፈው ጉድጓዱ ላይ ያድርጉና ሌላ 30 ደቂቃ ይንከሱ። ጎዝ ከሌለ የራሰ የጥቁር ሻይ ከረጢት ይሠራል፤ በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ደም እንዲረጋ ያግዛል።

ጨው ጊዜው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ፣ ከምግብ በኋላ። አይጉመጥመጡት፤ ጭንቅላትዎን ወዲያና ወዲህ አዘንብለው ውኃው ራሱ እንዲፈስ ይተዉት።

«አረቄ ቁስል ያደርቃል»

አረቄ ቁስሉን ያቃጥላል። ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ታዞልዎት ከሆነ ደግሞ ማስመለስና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትል ስለሚችል መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለሦስት ቀን ይተዉት። ጉድጓዱ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ወይም ቅርንፉድ መወተፍም ቆሻሻ ማስገባት ነው። ጫት በከተማችን ዙሪያ ስለሚበቅልና በቀላሉ ስለሚገኝ በግልጽ እንናገር፦ ቅጠሉ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ጉንጭ ውስጥ ይዞ መምጠጡም የረጋውን ደም ይስባል። ሲጋራ የደም ሥሮችን ያጠብባል። ሁለቱንም ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ቢቻል ለሳምንት ይተዉ።

ደሙ ከተነቀለ የሚመጣው ድራይ ሶኬት ይባላል። ቀለል ብሎ የነበረው ሕመም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተመልሶ ይበረታል፣ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አፍም ይሸታል። አንቲባዮቲክ አያድነውም፤ ሐኪሙ አጥቦ መድኃኒት ያለው ማሸጊያ ማስገባት አለበት።

«በሁለተኛው ቀን ካበጠ ተመርዟል»

እብጠት የሚበረታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ከፍሪጅ የወጣ የውኃ ጠርሙስ 20 ደቂቃ ጉንጭ ላይ ይያዙ፣ 20 ደቂቃ ያሳርፉ። ማስታገሻ የሚወሰደው ማደንዘዣው ሳይለቅ ነው። ለአዋቂ ፓራሲታሞል 1000 ሚሊ ግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከ4000 ሳያልፍ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየስምንት ሰዓቱ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በባዶ ሆድ አይቡፕሮፌን ከሚውጥ ፓራሲታሞሉን ይምረጥ፤ የንስሐ አባቱንም ያማክር።

«ትኩስ ሾርባ ይጠግናል»

ሙቀት በመጀመሪያው ቀን ደም ያስነሳል። ሾርባውም አጥሚቱም የዘጌ ቡናውም ይቀዝቅዝ፤ አፉ ደንዝዞ ሳለ ምላስና ከንፈር መንከስም ስላለ መብላቱ ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ ይሁን። በቀጣዮቹ ቀናት እርጎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በርበሬ የሌለበት ለስላሳ ፍትፍት ይስማማል። ቆሮሶ የተባለው የጣና ዓሣም ተቀቅሎ እሾሁ በጥንቃቄ ከተለቀመ ጥሩ ነው። በጾም የሱፍ ፍትፍት አለ። ቆሎ ለሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ስብርባሪው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀረቀራል።

«ተነቅሎ በዚያው ጀልባ መመለስ ይቻላል»

ከደቅ ደሴት ወይም ከሐይቁ ማዶ ለሚመጣ ሰው ይህ አይመከርም። ከማደንዘዣው ጋር ያለው አድሬናሊን የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ከሰዓታት በኋላ ሲለቅ ደሙ ሊቀሰቀስ ይችላል። ያኔ ሐይቅ መሃል መገኘት አደጋ ነው። ያን ሌሊት ከተማ ይደሩ። ታንኳ መቅዘፍ፣ ሸክምና ዋና ለሦስት ቀን ይቅር።

በጎዝ ሁለት ጊዜ ተነክሶ ያልቆመ ደም፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት ወይም ትኩሳት ወደነቀለው ሐኪም ያስመልሳል። ከአገጭ በታች ጠንካራ እብጠት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ማቃት ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።