የነከሰ ቡሎን ምንድን ነው?

አሮጌ ፒክአፕ ይዞ ድሬ ውስጥ ጋራዥ የገባ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። መካኒኩ ከመኪናው ስር ይወጣል። እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። «ነክሷል» ይላል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።

እኔ የሰማኋት ጎማ በልቶብኝ ነው። የሃይሉክሴ የፊት ጎማ በውስጥ በኩል ብቻ ያልቅ ጀመር። አላይመንት፣ ማለትም የጎማውን አቋቋም ማስተካከል፣ ሊሠራ የገባው ልጅ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። «አቦ፣ ይሄ ንቅንቅ አይልም» አለኝ። የታችኛውን ብራቾ (ጎማውን የሚይዘውን የብረት ክንድ) ከቴላዮው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር የሚያስረውን ቡሎን ማለቱ ነው። በእኔ መኪና አላይመንቱ የሚስተካከለው እሱን በማዞር ነው። አልዞር ካለ እንግዲህ ጎማ እየገዙ መኖር ነው።

የነከሰ ቡሎን ማለት በጣም የጠበቀ ቡሎን ማለት አይደለም። የጠበቀ ቡሎን ጉልበት ሲያገኝ ይፈታል። የነከሰው ግን ከአጠገቡ ካለው ብረት ጋር ተጣብቋል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ፀጉር በማታሳልፍ ክፍተት ውስጥ ሲያብጥ መሄጃ ስለሌለው ሁለቱን ብረቶች ጨምቆ ይይዛቸዋል።

የሚነክስበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ ዳዶው (ቡሎኑን ከጫፉ የሚያስረው) የሚገባበት ክር ነው። ይሄኛው ብዙ አያስቸግርም። መከራው ያለው ጎሚኒው ውስጥ ነው፤ ብራቾው ቴላዮው ላይ በሚታሰርበት ቦታ የሚገባው የጎማ ትራስ ማለት ነው። ጎሚኒ ስንል ጎማውን ብቻ እናስባለን እንጂ መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ አለው። ቡሎኑ የሚያልፈው በዚያ ነው። ውሃ አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዳዶውን ፍታና የቡሎኑን ጭንቅላት አዙር። ትንሽ ሄዶ እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ ከመለሰህ፣ ያዞርከው ቡሎኑን ብቻ አይደለም። ቱቦው አብሮ ዞሮ ጎማውን እየጠመዘዝከው ነው።

«በድሬ ፀሐይ ምን ዝገት አለ?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብያለሁ። ግን የእኔ መኪና ከእኔ በፊት ጅቡቲ ስትመላለስ የኖረች ናት። የባሕር ጨው እርጥበት ስለሚስብ ብረት ላይ ከተቀመጠ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ክረምት ላይ ደግሞ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ካወረደ በኋላ አሸዋና ጭቃ ውስጥ እንነዳለን። ጭቃው ብራቾው ስር ተጠቅጥቆ እርጥበቱን ይዞ ይከርማል። ላዩ ደርቆ ስላየነው ውስጡም የደረቀ ይመስለናል።

ጥፋቴን ልናገር። የኋላውን አሞርዛተር (የመንገዱን ንጥቀት የሚያበርደውን) ራሴ ልፈታ ተነሳሁ። ባለ 17 ቁልፍ ላይ አንድ ሜትር የሚያህል የውሃ ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተፈታ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ተቆርጧል። ቡሎኑ ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ እዚያው ቀረ።

በመጨረሻ መኪናዋን የወሰድኩላቸው ሽማግሌ መካኒክ ያንን ቧንቧ አይተው ሳቁ። «ጉልበትህን ለደንገጎ ዳገት አስቀምጠው» አሉኝ። እሳቸው ጠዋት የብራቾውን ቡሎን ክር በሽቦ ብሩሽ አጸዱት። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፉበት። ጭንቅላቱን በመዶሻ ደጋግመው መቱት፤ ንዝረቱ ለዘይቱ መንገድ ይከፍታል። ከዚያ ትተውት ሄዱ። ቀትር ላይ መጥተው ደገሙት። ከበርጫ በኋላ ነው ቁልፍ የነኩት። ሰዓቱ ሥራውን ሲሠራ እሳቸው ጫታቸውን ቃሙ። ከዚህ የተሻለ የሥራ ክፍፍል አላየሁም።

ቁልፉም ቢሆን ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ ነበር። ባለ 12ቱ የዛገ ጭንቅላት ላይ ይንሸራተትና ይልጠዋል። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ገፉት፣ ከዚያ ወደ መፍቻው መለሱት። ወዲያ ወዲህ ሲባል ዝገቱ ይሰበራል። ከኋላ ሲመቱትም ዳዶውን ጫፉ ላይ መልሰው አስረው ነው፤ አለዚያ ክሩ ይጨፈለቃል።

እሳትስ? ዳዶው ሲግል ስለሚሰፋ ክር ላይ ለነከሰ ቡሎን ጥሩ መድኃኒት ነው። ጎሚኒ አጠገብ ግን ጎማው ይቃጠላል፣ ጭሱም አይተነፈስም። ጎሚኒው የሚጣል ካልሆነ አይሞከርም። የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ ታንከር፣ አሞርዛተር አጠገብ ወይም ዘይት የተነፋበት ቦታ ላይ እሳት አታምጣ።

የእኔ የብራቾ ቡሎን ከነዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ አለ። የቀረው መቁረጥ ነበር። አዲሱ ቡሎንና ጎሚኒ እጃችን እስኪገባ ግን መቁረጫ እንዳይነካ ከለከሉ። ልክ ነበሩ። ቡሎኑ ተቆርጦ መለዋወጫው ከጠፋ መኪናው ክሪክ ላይ ይከርማል። የድሮው ቡሎን የቆመበትን ቦታ በቀለም ምልክት አደረጉ፣ አላይመንት ቤት እስኪደርስ መነሻ እንዲሆን። ከዚያ በጎሚኒውና በማቀፊያው ብረት መካከል በግራም በቀኝም ቆረጡት። መነጽር አድርገው ነው፤ ረዳታቸውን ያለ መነጽር አያስጠጉም። ዲስክ የማይገባበት ጠባብ ቦታ ላይ ሴጌቶ (የእጅ የብረት መጋዝ) ተጠቀሙ።

አዲሱ ሲገባ ቱቦ ውስጥ የሚቀመጠው የቡሎኑ አካል ግሪስ ተቀባ። ክሩ አልተቀባም፤ ክር ከተቀባ ሳይታወቅ ከልክ በላይ ይጠብቃል። ቡሎኑ ራሱም እንደ ድሮው መሆን አለበት። ጭንቅላቱ ላይ 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ካለበት በ8.8 አይተካም።

ረዳቱ መኪናዋ ክሪክ ላይ እንዳለች ጥብቅ አድርጎ ሊያስር ሲል ጮኹበት። ብራቾው ተንጠልጥሎ ከታሰረ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። መኪናዋ ወርዳ በአራት ጎማዋ ቆመች። ሽማግሌው ካርቶን አንጥፈው ስሯ ገቡና የመጨረሻውን ራሳቸው አጠበቁ።