የፈረስ እግር ሲቆስል፦ ጋሪ ተራ ላይ የሚባለውና እውነታው

ጋሪ ተራ ላይ ፈረስ ሲቆስል ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። አንዱ አመድ ያዛል፤ ሌላው የተቃጠለ ዘይት ሊያመጣ ወደ ጋራዥ ይሮጣል፤ ሦስተኛው «አብሽር፣ ትንሽ ናት» ብሎ ወደ ቡናው ይመለሳል። እኔ ኮምቦልቻ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ፈረሶች ብዙዎቹ ቁስሉ ብቻ ሳይሆን ቁስሉ ላይ የፈሰሰባቸውም ነገር ጎድቷቸዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን የሚያደርጉት ፈረሳቸውን የሚወዱ ሰዎች መሆናቸው ነው። ግዴለሽ ሰው ቁስል ላይ ምንም አያፈስም።

«ትንሽ ናት፣ አብሽር»

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ዳማ ፈረሳቸውን ይዘው መጡ። ከሁለት ቀን በፊት የኋላ እግሩን ቆርቆሮ ቋንጃው ላይ ወግቶታል። ቁስሉ የትንሽ ጣት ጥፍር አታክልም። የመጀመሪያውን ቀን ጋሪ ሲጎትት ውሏል፤ በሁለተኛው ቀን ግን የሰኮናውን ጫፍ ብቻ መሬት እያስነካ ይቆማል። ጓንት አድርጌ ከቁስሉ የሚወርደውን ፈሳሽ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ያዝኩና ጣቶቼን ቀስ አድርጌ አራራቅኋቸው። ፈሳሹ አልተበጠሰም። እንደ እንቁላል ነጭ ተለጠጠና ቢጫ ቀጭን ክር ሠራ።

«አባባ፣ ይቺን ክር አዩዋት?»

«መግል ነዋ።»

«መግል አይደለም። የመገጣጠሚያው ዘይት ነው። ቀዳዳው እስከ ውስጥ ዘልቋል ማለት ነው።»

መገጣጠሚያ ውስጥ ጀርም ከገባ አጥንቱን የሸፈነው ልስልስ ክፍል በቀናት ውስጥ ይበላል፤ ከተበላ ደግሞ አይተካም። የሚያታልለው ነገር፣ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ፈሳሹ እስከወጣ ድረስ ውስጡ ስለማይወጠር ፈረሱ በመጀመሪያው ቀን ላያነክስ ይችላል። ቀዳዳው ሲደፈን፣ ማለትም ባለቤቱ «ዳነልኝ» ሲል፣ ያኔ እግሩን ከመሬት ያነሳል። የሽማግሌው ፈረስ መገጣጠሚያው ደጋግሞ ታጥቦለት በሕይወት ተረፈ፤ ጋሪ ላይ ግን አልተመለሰም። በቆሰለበት ቀን መጥቶ ቢሆን ዕድሉ ሌላ ነበር።

ስለዚህ የእግር ቁስል ሲያጋጥማችሁ ከስፋቱ በፊት ቦታውን እዩ። ታፋ ላይ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ተገሽልጦ ቢንጠለጠል ያስፈራል እንጂ ሥር ብዙ ሥጋና ደም ስላለ ብዙውን ጊዜ በደንብ ይድናል። ጉልበት፣ ቋንጃ ወይም ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለች ቀዳዳ ግን ሽንብራ ብታክልም በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። ከእግሩ በስተጀርባ፣ ጅማቱ ላይ ያለ ቁስልም እንደዚሁ ነው። የፊተኛው ጅማት ቢቆረጥ ፈረሱ ጣቱ ወደፊት እየታጠፈ ይደናቀፋል እንጂ በእረፍትና በድጋፍ የመዳን ተስፋው ጥሩ ነው። የኋለኛው ሲቆረጥ ግን ቁርጭምጭሚቱ ወደ መሬት ይወርዳል ወይም የሰኮናው ጫፍ ወደ ላይ ይነሳል። ያን ጊዜ አንድ እርምጃ እንኳ አታስኬዱት፤ ባለበት ቁሙና ደውሉ።

«አመድና ዘይት ያደርቀዋል»

ከጉልበትና ከቋንጃ በታች ፈረስ ሥጋ የለውም። ቆዳ፣ ጅማት፣ አጥንት፣ በቃ። የሚደርሰው ደም ትንሽ ነው፤ ለአፈሩና ለፋንድያው ደግሞ ቅርብ ነው። አዲሱ ቆዳ ከቁስሉ ጠርዝ ወደ መሃል የሚሄደው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ነው። በዚህ አዝጋሚ ቆዳ ላይ የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣ ወይም የባትሪ አሲድ ሲፈስበት (አዎ፣ አሲድም አይቻለሁ) በሳምንት የተገነባው በአንድ ደቂቃ ይቃጠላል። አመድ፣ የቡና ዱቄትና እበት ደሙን ያቆሙ ይመስላሉ። ከሥራቸው ግን ቆሻሻው ታሽጎ ይቀራል፤ እኛም ስናጥብ የምንውለው ያንኑ ነው።

የሚሻለው ርካሽ ነው። 1 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና 9 ግራም ጨው ጨምሩበት፤ ያልሞላ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ አራት አምስት ቦታ ቀዳዱ፤ ውሃውን ሞልታችሁ ጠርሙሱን እየጨመቃችሁ ቁስሉን እጠቡ። አንድ ሃይላንድ አይበቃም፤ ሦስት አራት ይፈጃል። ፖቪዶን አዮዲን ካላችሁ 10 ሚሊ ሊትሩን በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡት፤ መልኩ ቀጭን ሻይ መምሰል አለበት። ሳይበጠበጥ ማፍሰስ ጀርሙንም ቆዳውንም መግደል ነው። አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ደግሞ ለዐይን ያስደስታል፣ ለአዲስ ሥጋ ግን መርዝ ነው። ወደ ቦርከና ወንዝ ወስዶ መንከርስ? የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ውሃ ቁስል አያጥብም።

ከቤት መድኃኒቶቻችን መካከል አንዱን ግን እደግፋለሁ፦ ማር። ስኳር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ማር በታጠበ ቁስል ላይ ተቀብቶ በፋሻ ሲሸፈን ጀርም እንዳይራባ ያግዳል። ሳይሸፈን ከተተወ ግን ዝንብ ትሰበስባላችሁ። መገጣጠሚያ አጠገብ ላለ ቀዳዳም ማርም ቅባትም አይደረግ፤ ሐኪሙ እስኪያይ ንጹሕ ፋሻ ይበቃዋል።

«ሥጋው ሞልቶለታል»

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ቀይ፣ ፍርፍር ያለ፣ ሲነካ የሚደማ ሥጋ ከቁስሉ መሃል ይነሳል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ሥጋው ከዙሪያው ቆዳ ከፍ ማለት ከጀመረ ግን መልካም ምልክት አይደለም፤ ትርፍ ሥጋ ነው። ቆዳው ሽቅብ መውጣት ስለማይችል ጠርዙ ላይ ይቆማል፤ ቁስሉም ለወራት ክፍት ሆኖ እንደ አበባ ጎመን ያብጣል። መቀየጃ (የእግር ማሰሪያ) ገመድ የበላው ቁርጭምጭሚት ላይ በብዛት የማየው ይህንን ነው። የሚያመጣውም እንቅስቃሴ፣ ቆሻሻና ያ የምንቀባው የሚያቃጥል ነገር ነው። «እየሠራ ይድናል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይከሽፋል፤ በየእርምጃው ቁስሉ ይከፈታላ።

ትርፉ ሥጋ ነርቭ ስለሌለው ሲቆረጥ አያምም፤ ግን በጣም ይደማል። ቤት ውስጥ በምላጭ የሚሞከር ነገር አይደለም።

«ደሙ እንዲቆም በገመድ ጠብቆ ይታሰር»

250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ወደ 19 ሊትር የሚጠጋ ደም አለው። አንድ ሊትር አስፋልት ላይ ሲፈስ የታረደ ያስመስላል እንጂ አይገድለውም። ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፋችሁ ቁስሉ ላይ ጫኑና ሰዓት አይታችሁ 15 ደቂቃ ሳታነሱ ያዙ። «ቆመ እንዴ?» እያላችሁ በየደቂቃው ከገለጣችሁት የረጋውን ደም ነቅላችሁ ትጥሉታላችሁ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት እንጂ አታንሱት። ገመድ ወይም የጎማ ማሰሪያ ግን ጅማቱን አንቆ ደም ይከለክለዋል፤ ቁስሉ ድኖ እግሩ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ፋሻም ቢሆን ከሥሩ ወፍራም ጥጥ ከሌለው ያው ገመድ ነው። ደሙ በልብ ምት ልክ ፊን ፊን እያለ ከወጣ ተጭናችሁ ሳለ ሌላ ሰው ይደውል።

መሰፋት ያለበት ቁስል ካለ ደግሞ ፈረሱ ከቆሰለ በ6፣ ቢበዛ በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ቢመጣ ይመረጣል። «ነገ ጠዋት ሥራ ስገባ አመጣዋለሁ» ማለት ብዙ ጊዜ ስፌቱን ማሳጣት ነው።

«መርፌ ወግተነዋል፣ ከዚህ በኋላ አያሰጋም»

ገበያ ላይ የተገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን (የባክቴሪያ መድኃኒት) መጠኑ ሳይታወቅ አንድ ቀን ይወጋና ይቆማል። መርፌ ያልታጠበ ቁስል አያጥብም። ትንሽ ቀዳዳን ከመንጋጋ ቆልፍም አያድንም። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ያለው አፈርና ፋንድያ ውስጥ ነው፤ አየር የማይገባው ጠባብና ጥልቅ ቁስል ይመቸዋል፤ ከቤት እንስሳት ሁሉ ደግሞ በቀላሉ የሚጠቃው ፈረስ ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ቁስሉ ከተረሳ በኋላ ይመጣል፦ ጆሮ ይቆማል፣ ጭራ ይነሳል፣ እግር እንደ እንጨት ይገተራል፣ ድምፅ ሲሰማ ከዐይኑ ማዕዘን ነጭ ሽፋን ብቅ ይላል፣ በመጨረሻም አፉ አይከፈትም። ሐኪሙን ስታገኙት ስለ ክትባቱ ሳትጠይቁ አትለዩት። ሰኮና ውስጥ የተሰካ ምስማርም ከዚሁ ይመደባል። ሐኪሙ የት እንደገባና ወዴት እንዳዘመመ ማየት ስላለበት፣ ፈረሱ ረግጦ ይበልጥ የማያስገባው ከሆነ ሳትነቅሉ ጠብቁት። ግድ ከሆነና ከነቀላችሁ ቦታውን አመልክቱ፣ ምስማሩንም አትጣሉ።

«እባጩን አፍርጠው»

ይሄ ከደሴ ይልቅ የኮምቦልቻ ጉዳይ ነው። እግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተራ በተራ የሚወጡ እባጮች፣ ፈንድተው ወፍራም መግል የሚያፈሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው የሚነሳ ካያችሁ ተራ ቁስል አይደለም። ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባል የፈንገስ በሽታ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ሞቃትና እርጥብ ቦታ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች መሃሉ ላይ ትወድቃለች፤ ደሴ ወደ 2,500 ስለምትጠጋ ብርዱ ይከላከልላታል። የሚገባው በቁስል ነው፤ ዝንብ፣ የጋራ ግላስ፣ የጋራ ማሰሪያና የጋራ ፎጣ ያዛምቱታል። ማፍረጥ መዝራት ነው። የባክቴሪያ መድኃኒትም ፈንገስን አይነካም። ጅማሬው ላይ ከተደረሰበት በአዮዲን የሚታከምበት ዕድል አለ፤ መላ አካሉን ከሸፈነው ግን ተስፋው ይመነምናል። መጠራጠር ሲኖር ከመግሉ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያለባት ከተማ ስለሆነች ሩቅ አያስኬድም።

«ውሻ ነው የነከሰው፣ እንደ ሌላው ቁስል ነው»

አይደለም። ውሻም ሆነ ሌሊት የገባ ጅብ ከነከሰው መጀመሪያ የሚታሰበው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ በዚያው ሰዓት ደውሉ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለፈረስም ለሰውም መድኃኒት የለውም። ለሐጩ የነካው ሰው ካለ እሱም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ያበጠን እግር በጋለ ብረት መተኮስን በሁለት ዐረፍተ ነገር ልለፈው። በአንድ ቁስል ላይ ሁለተኛ ቁስል ነው። ፈረሱ ዝም የሚለው ስለዳነ ሳይሆን አዲሱ ሕመም አሮጌውን ስላስረሳው ነው።

«ሐኪም የሚጠራው ሲብስ ነው»

ስትደውሉ «ፈረሴ ታሟል» ብቻ ከሆነ እኔም «አምጡት» ከማለት ሌላ የምለው የለኝም። ከመደወላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩልኝ። አንደኛ፣ ከታችኛው መንጋጋ አጥንት ጠርዝ ሥር ጣታችሁን አሳርፉ፤ እንደ ገመድ የምትንሸራተተውን የደም ሥር ካገኛችሁ ለ15 ሴኮንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ አርፎ ሳለ 60 ካለፈ መንገድ ላይም ብሆን እመጣለሁ። ሁለተኛ፣ ቴርሞሜትር ካላችሁ በፊንጢጣው ለኩ፤ ጤነኛው ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ሦስተኛ፣ እግሩን ሙሉ በሙሉ ይረግጣል ወይስ ጫፉን ብቻ ያስነካል?

ከዚያ በቴሌግራም ፎቶ ላኩ። አንዱ ሙሉ እግሩን ከሰኮናው እስከ ጉልበቱ የሚያሳይ፣ ሌላው ከታጠበ በኋላ ቁስሉን ከቅርብ፣ መጠኑ እንዲገባኝ አጠገቡ የ1 ብር ሳንቲም ይዛችሁ። መድኃኒት የሚሸፍነውን ስለማያሳይ ወይንጠጁን ጂቪ ከፎቶው በፊት አትቀቡት።