የጆን ዌይን ቀን ምንድን ነው?

ልጆች ሆነን የካውቦይ ፊልም ስናይ አንድ ነገር እርግጠኛ ነበርን፦ አክተሩ አይሞትም። ለአሜሪካኖች ያ አክተር ለብዙ ዓመት ጆን ዌይን ነበር። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጎተት የሚል አረማመድ፣ ቁጥብ ንግግር። ቴክሳስ ውስጥ ቀን ተሰይሞለታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ተከልክሏል። ለመሆኑ ለአንድ ተዋናይ «ቀን ተሰየመለት» ሲባል ምን ማለት ነው? (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ከቃሉ ልጀምር። አሜሪካኖች ሰነዱን «ፕሮክላሜሽን» ይሉታል። መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ «አዋጅ» ይላችኋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር አዋጅ ሕግ ነው። ፓርላማ ያጸድቀዋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ የጣሰው ይጠየቅበታል። የመታሰቢያ ቀን ፕሮክላሜሽን ግን ማንንም አያስገድድም። ቢሮ አይዘጋም፣ ትምህርት ቤትም አይዘጋም። አገረ ገዥው ወይም ከንቲባው የሚፈርምበት ወረቀት ነው። «ይህን ስለሠራ፣ ያንን ስላበረከተ» እያለ ይደረድርና፣ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ይህ ዕለት የእሱ ቀን ይሁን» ብሎ ይዘጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራውም ለዚያው ዓመት ብቻ ነው። እኔ «የክብር መግለጫ» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ።

የቴክሳሱ አገረ ገዥ ግሬግ አቦት በ2015 የፈረመው እንዲህ ያለውን ነው። ቀኑ ሜይ 26፣ ማለትም ግንቦት 18፣ የጆን ዌይን ልደት ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የምክር ቤት ውሳኔ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል ሐሳቡን ያቀርባል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። ብዙውን ጊዜ ማንም ሳይከራከር ያልፋል። በ2016 ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን አላለፈም። ማቲው ሃርፐር የተባለ የኦሬንጅ ካውንቲ ተመራጭ ነበር ያቀረበው። የአካባቢው አውሮፕላን ማረፊያ ከ1979 ጀምሮ በጆን ዌይን ስም ይጠራል፤ ስለዚህ የሚገርም ጥያቄ አልነበረም። ተቃዋሚዎቹ ግን በ1971 ለአንድ መጽሔት የሰጠውን ቃለ ምልልስ አነሱ። እዚያ ላይ ጥቁሮች «እስኪማሩ ድረስ» በነጭ የበላይነት እንደሚያምን ተናግሮ ነበር። መሬታቸውን ስለተነጠቁት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችም ያለው ከዚህ አይሻልም። ሐሳቡ 35 ለ 19 በሆነ ድምፅ ወደቀ።

ገንዘብ የለውም፣ ሕግም አይደለም፤ ታዲያ ለምን ተሟገቱበት? ወረቀቱ ክብርን ብቻ ስለያዘ ይመስለኛል። በ1970 ኦስካር ሲወስድ የተሸለመው ትወናው ነበር። ቀን ሲሰየም ግን ሰውየው እንዳለ ነው የሚከበረው፣ የተናገረው ሁሉ ተጨምሮ። ፊልሞቹን እወዳለሁ። ቢሆንም አንድ ጥቁር ወይም ነባር አሜሪካዊ ተመራጭ «በእኔ ስም እንዲህ አትበሉ» ቢል እውነቱን ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ ራሱ እንዲህ ያለ ቀን አልሰየመለትም፤ የሰጠው የወርቅ ሜዳሊያ ነው። ይህኛው ግን እውነተኛ ሕግ ወጥቶለታል፤ ፕሬዚዳንት ካርተር ፈርመውበታል። ቀኑም ሜይ 26 ቀን 1979፣ 72ኛ ዓመቱን የደፈነበት ዕለት ነበር። አብራው ትሠራ የነበረችው ተዋናይት ሞሪን ኦሃራ ኮንግረስ ፊት ቀርባ መስክራለታለች። ሜዳሊያው ላይ «ጆን ዌይን፣ አሜሪካዊ» ተብሎ እንዲጻፍ የጠየቀችውም እሷ ናት። የጨጓራ ካንሰር ይዞት ነበር። በ16ኛው ቀን አረፈ።

ቀን መሰየም ኮንግረሱንም አሰልችቶት ነበር። የዚህ ቀን፣ የዚያ ሳምንት፣ የዚያኛው ወር የሚል ረቂቅ ሲበዛ፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ በ1995 ደንቡን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ የመታሰቢያ ቀን የሚሰይም ረቂቅ እዚያ ማቅረብ ክልክል ነው። ሥራው በአብዛኛው ለክፍለ ግዛቶችና ለከተሞች ቀረ።

የማንንም ፊርማ የማይጠብቅ መታሰቢያም አለ። አዮዋ ውስጥ ዊንተርሴት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጆን ዌይን በ1907 የተወለደው እዚያ ነው፤ ያኔ ስሙ ማሪዮን ሮበርት ሞሪሰን ነበር። አባቱ መድኃኒት ቤት ይሠሩ ነበር። ባለ አራት ክፍሏ ነጭ ቤት አሁንም ቆማለች፣ አጠገቧ ሙዚየም ተሠርቶላታል። በየዓመቱ ሜይ መጨረሻ ላይ የከተማው ሰው ተሰብስቦ ልደቱን ያከብራል።