«እረኛ ምን አለ?» ማለት ምን ማለት ነው?

«እረኛ ምን አለ?» የሚለውን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ «አዝማሪስ ምን አለ?» ብሎ ይጨምርበታል። ኑሮ ሲወደድ ይነሳል፣ ሹም ሲሻር ይነሳል፣ ታክሲ ውስጥ ጨዋታ ሲሞቅ ይነሳል። ባጭሩ «ሕዝቡ ምን እያለ ነው?» ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፣ አባባሉ ራሱ ጥያቄ ነው። ያውም ጠያቂው ትልቁ ሰውዬ ነው፤ መልሱ ያለው ደግሞ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ጋ።

መነሻው የባላባት ዘመን ነው። ያኔ ጋዜጣ የለ፣ ሬዲዮ የለ። አንድ መኳንንት በግዛቱ ስሙ እንዴት እንደሚነሳ ለማወቅ አጠገቡ ያሉትን ቢጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ጌታዬ፣ አገሩ በሙሉ እርስዎን እየመረቀ ነው የሚያድር።» ከማዕዱ የሚቆርስ ሰው ሌላ ምን ይበል? ስለዚህ ብልሁ ገዢ ከገጠር የመጣ ሰው ሲያገኝ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ጠያይቆ ሲያበቃ፣ እግረ መንገዱን «ለመሆኑ እረኛ ምን አለ?» ይላል።

ለምን እረኛ? እረኛ ልጅ ነዋ። ማታ ምድጃ ዳር ተኝቷል ሲሉት አልተኛም። አባትና እናቱ ስለ ግብሩ፣ ስለ ጭቃ ሹሙ፣ ያለ ካሳ ስለተነዳው በሬ ሲያጉረመርሙ ጆሮው ቆሟል። ጠዋት ከብቱን ነድቶ ሜዳ ሲወጣ ያንኑ ግጥም አድርጎ ይለቀዋል። ከማዶ ያለው እረኛ ይቀበለዋል፣ ያኛው ደግሞ አንድ ስንኝ ጨምሮበት ለሌላው ያሻግረዋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዜማው ወንዝ ተሻግሮ ሌላ አገር ይገባል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ስለዚህ ተይዞ የሚገረፍ የለም። ልጁ ሹመት አይጠብቅም፣ ርስቴን እነጠቃለሁ ብሎ አይሰጋም። የእረኛ ቃል ትንቢት ነው፣ ልጅ ንጹሕ ስለሆነ ፈጣሪ በአፉ ያናግረዋል የሚሉም አሉ። እኔን ግን የምድጃው ዳር ወሬ ይበልጥ ያሳምነኛል።

አዝማሪውም ያው ነው፣ ልዩነቱ እሱ ፊት ለፊት መሆኑ። ማሲንቆውን ይዞ ጌታውን ያወድሳል፣ በሰሙ ያሞግስና በወርቁ ይሸነቁጣል። የገባው ይገባዋል፣ ያልገባው ይሸልመዋል። ይህ የቀልድ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ካስገደላቸው መካከል ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ይገኙበታል። ጠመንጃ አልያዙም፣ ግን አገር ላገር እየዞሩ ያወሩ ነበር።

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ነገር ግን መካሩ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፣ ቀለብ ተቆርጦለታል። እረኛው ምንም አልተቆረጠለትም። እንደኔ እንደኔ ከሁለቱ የእረኛው ይበልጣል፤ ምክር የሚሰጥህ ሰው ከአንተ የሚፈልገው ነገር ካለ ምክሩን ስኳር ያበዛበታላ።

እሺ፣ ይህ ሁሉ የድሮ ነው፣ አሁን ምን ይሠራልናል? ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ብትሄዱ፣ ወይም በለገጣፎ በኩል ብትወጡ፣ ዛሬም ከብት አስፋልት ሲያቋርጥ መኪናው ተደርድሮ ይጠብቃል። እረኛው አልጠፋም። ግን የከተማው እረኛ ሌላ ነው፤ ለምሳሌ ሊስትሮው።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴትዮ አለች። ደንበኛዋ ቀስ በቀስ ሳሳ። የሚጠጣውን ሁሉ «እንዴት ነው ቡናው?» ስትለው «አሪፍ ነው፣ እጅሽ ይባረክ» ይላታል፣ ሒሳቡን ይከፍላል፣ በማግስቱ ግን ማዶ ካለችው ጀበና ጋ በርጩማ ስቦ ተቀምጦ ታየዋለች። ይሉኝታ እንዲህ ነው፣ ፊት ለፊት አያናግርም። በመጨረሻ አጠገቧ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ጠራችው። ቡና ቀዳችለትና «አንተ ማሙሽ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ሰዎቹ ከዚህ ተነስተው አንተ ጋ ሲቀመጡ ምን ይላሉ?» አለችው። ልጁ ብሩሹን እያገላበጠ ትንሽ አቅማማ። «እትዬ፣ እንዳትቆጪኝ፤ ስኒው ሳሙና ሳሙና ይላል ነው የሚሉት።»

ነገሩ ገባት። እዚያ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፣ በጀሪካን ነው የሚቀዳው፣ እሷም ስኒውን በአንድ ሳፋ እያጠበች በዚያው ውኃ ነበር የምታለቀልቀው። ሁለተኛ ሳፋ ጨመረች፣ ማለቅለቂያ ብቻ። ልጁን አልተቆጣችውም፣ «ማነው ያለው?» ብላም አልጠየቀችውም። ለእኔ «ማነው?» አለማለቷ ከሳፋው ይበልጣል። «ማን አለ?» ብትል ኖሮ ልጁ ከዚያ በኋላ ምንም አይነግራትም ነበር፤ «ኧረ ማንም ምንም አላለም» ብሎ ብሩሹን ይዞ ይቀመጥ ነበር።

ብዙዎቻችን አስተያየት እንወዳለን እንላለን፣ ስንጠይቅ ግን «ቆንጆ ነው አይደል?» ነው የምንለው። ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ሰውዬውን አፉን ይዞ «አዎ» ማሰኘት ነው። «ምን አለ?» ግን ክፍት ነው፣ የፈለገው ይግባበት። ደግሞ «እኔን በተመለከተ ምን ይሰማሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የራሱን ሐሳብ መናገር ያፍራል፣ የሌላውን ማውራት ግን ይቀለዋል። አንዳንዱ ራሱ ያሰበውን «ሰዎች እንዲህ ይላሉ» ብሎ ነው የሚነግርህ። ተወው፣ እንደዚያው ተቀበለው። ሊስትሮውም ቡናዋን እየጠጣ የራሱን ምላስ ምስክርነት «የሚሉት» ብሎ አሳልፎት ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

የሰሙት ሁሉ እውነት ነው ማለትም አይደለም። እረኛም ሲፈልግ ይዋሻል፣ ግጥም ቤት እንዲመታለት ሲል ብቻ ሰው ይሰድባል። ብልህ ሹም ከአንድ እረኛ ሰምቶ አያበቃም፤ ያው ዜማ ከሌላ አቅጣጫም ሲመጣ ነው ጆሮ የሚሰጠው። ሴትዮዋን አንድ ሰው ብቻ «ቡናው መራራ ነው» ቢላት ምናልባት የዚያ ሰው ምላስ ጣፋጭ ለምዶ ነው። የስኒው ሳሙና ግን የብዙ ሰው ወሬ ነበር።

አባባሉን ዛሬ ገልብጠው የሚጠቀሙበትም አሉ። ስብሰባ ላይ አለቃው «እኛኮ እረኛ ምን አለ የምንል ሰዎች ነን» ይላል፣ ይጨበጨብለታል፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የአስተያየት መስጫ ሳጥን ያሳያል። ሳጥኑ አቧራ ጠጥቷል። ቁልፉ ማን ጋ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ እሱ ጋ ነው።