የፍሳሽ ማስረጊያ ቦይ ምንድን ነው?

የቤት ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ሴፕቲክ ታንክ የሚያስቀረው ዝቃጩንና ከላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት ነው። ከመሃል ወደ ውጭ የሚወጣው ውሃ ጠራ ቢልም ገና አልጸዳም፤ ሽታውም ጀርሙም አብሮት ነው። ይህን ውሃ ተቀብሎ ቀስ በቀስ ወደ መሬት የሚያሰርገው፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር መካከል የተዘረጋበት ቦይ ማስረጊያ ቦይ ይባላል። ዋናውን የማጣራት ሥራ የሚሠሩት ከጠጠሩ ሥር ያለው አፈርና በውስጡ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት አፈሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ አፈሩ አንድ ዓይነት አይደለም። በእንጦጦ ግርጌና በቡራዩ በኩል ቀይ አፈር ይበዛል፤ ወደ አቃቂና ኮዬ ፈጬ ሲወርዱ ደግሞ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የካቲት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ያፈሰሰበት ሰው ውሃው ወዲያው ሲጠፋ አይቶ «መሬቱ ይጠጣል» ይላል። ውሃው የሄደው ግን በስንጥቁ ነው። ሐምሌ ላይ አፈሩ ሲያብጥ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ያው ቦይ ውሃ ያቁራል።

ሙከራው ጊዜ ይፈልጋል። ቦዩ በሚደርስበት ጥልቀት 30 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ግድግዳው በሚስማር ይጫራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ይዞ ያድራል። በማግስቱ 15 ሳ.ሜ ውሃ ተሞልቶ በሰዓት ይለካል። 2.5 ሳ.ሜ ለመውረድ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ከወሰደ አፈሩ ጥሩ ነው፤ ከ60 ደቂቃ ካለፈ ማስረጊያ ቦይ አይሆንም፣ ገንዘብ ባይወጣበት ይሻላል። ቢያንስ ሦስት ቦታ ይሞከር። ሙከራው በክረምት፣ ቁፋሮው በበጋ ቢሆን ይመረጣል፤ እርጥብ ጭቃ ሲቆፈር አካፋው ግድግዳውን እንደ ሸክላ ይለስነውና ውሃ አያሳልፍም።

ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ 5 ሰው እያንዳንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 400 ሊትር ይሆናል። መካከለኛ አፈር በካሬ ሜትር በቀን 20 ሊትር ያህል ቢቀበል 20 ካሬ ሜትር የቦይ ወለል ያስፈልጋል፤ በ60 ሳ.ሜ ስፋት ሁለት ባለ 17 ሜትር ቦዮች ማለት ነው። በመካከላቸው 2 ሜትር፣ ከቤቱ መሠረት 3 ሜትር፣ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ።

ከቦዩ ወለል 20 ሳ.ሜ ያህል ጠጠር ይነጠፋል፣ በላዩ 110 ሚ.ሜ ስፋት ያለው ባለ ቀዳዳ ቱቦ ይተኛል፣ ቱቦው 5 ሳ.ሜ በጠጠር ይሸፈናል። ጠጠሩ ከ2 እስከ 4 ሳ.ሜ የሆነና የታጠበ ይሁን፤ ገረጋንቲ ከነአቧራው ከተደፋ አፈሩን ይደፍነዋል። ቱቦው በውሃ ልክ ተለክቶ በ10 ሜትር ከ5 ሳ.ሜ በላይ አይዝቀጥ፤ ቁልቁለቱ ከበዛ ፍሳሹ ሁሉ ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ከጠጠሩ በላይ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ እንጂ ላስቲክ አይደረግም፣ አፈሩ አየር ይፈልጋል። በየቦዩ ጫፍ ወደ ላይ የሚወጣ መመልከቻ ቱቦ ይተውለት። ይህን ብዙ ሠራተኛ ይዘለዋል፣ በኋላ ግን ችግሩን የሚናገረው እሱ ነው።

በመመልከቻው ክረምት ብቻ ውሃ ከታየ የጣሪያው አሸንዳ ወደ ታንኩ መግባቱ ይጣራ፤ ካልገባ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሏል ወይም መረሬው አብጧል። አንዱ ቦይ ሞልቶ ሌላው ደረቅ ከሆነ ከታንኩ የሚመጣውን ፍሳሽ ለቦዮቹ የሚያካፍለው ማከፋፈያ ሳጥን ዘሟል። ውሃው በጋም ክረምትም ከቆመ ግን ወለሉን ጥቁር ሙጫ መሰል ልባስ ዘግቶታል። መምጠጫ መኪና ታንኩን ሲመጥጥ ከመውጫው ቱቦ ውሃ ወደ ኋላ ከተመለሰም ቦዩ ሞልቷል ማለት ነው። የልባሱ መነሻ ብዙ ጊዜ ታንኩ ሳይመጠጥ ዓመታት መቆየቱ ወይም መውጫው ላይ ያለው ቲ (የT ቅርጽ ያለው ቱቦ) መሰበሩ ነው፤ የወጥ ቅባትና የቡና አተላም ያፋጥኑታል። ታንኩን አስመጥጦ፣ ቲውን ጠግኖ፣ የታመመውን ቦይ ከማከፋፈያው ላይ በክዳን ዘግቶ ለወራት ማሳረፍ ይቻላል፤ አየር ሲያገኝ ልባሱ እየበሰበሰ ይሳሳል። ለዚህ ነው በአንድ ረጅም ቦይ ፈንታ ሁለት የሚሠራው።