ከድብርት ማገገም ምንድን ነው?

ለድብርት በተመላላሽ የሚታከም ሰው መጀመሪያ ይሻለዋል። ማገገም፣ ማለትም ምልክቶቹ ከሞላ ጎደል መጥፋታቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው ግን ገና ሲሻለው ዳንኩ ብሎ ክኒኑን ያቆማል። እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

ሐኪሞች ልዩነቱን የሚያዩበት መለኪያ አላቸው። አንዱ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። 20 የነበረ ሰው ወደ 10 ሲወርድ ሕክምናው እየሠራለት ነው ይባላል። አገገመ ለመባል ግን ከ5 በታች መውረድ አለበት።

ከዴዶ ወረዳ ወደ ጅማ ከተማ ለቀጠሮ የመጣች እናት እናስብ። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ለቅሶው ቆሟል። «ጎረቤት ቡና ሲጠራሽ ትሄጃለሽ?» ስትባል ግን ዝም ትላለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነቃለች፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ይህች እናት ተሽሏታል እንጂ አላገገመችም። እንዲህ የቀረ ምልክት ያለበት ሰው ሕመሙ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ታዲያ አንዱ ሲያገግም ሌላው ለምን መንገድ ላይ ይቀራል? ስታር ዲ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ከ4,000 በላይ ተመላላሽ ታካሚዎችን ተከታትሏል። በመጀመሪያው መድኃኒት ያገገሙት ሲሶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሥራና የተሻለ ገቢ ያላቸው በብዛት አገገሙ። ሕመሙ የቆየባቸውና ጭንቀትን የመሰለ ሌላ ሕመም የተደረበባቸው ግን ከበዳቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክኒን ካልሠራ ተስፋ አይቆረጥም። ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፣ መድኃኒቱን ይቀይራል፣ ወይም የንግግር ሕክምና ያክላል።

ጊዜውም ፈተና ነው። የድብርት መድኃኒቶቹ፣ ፍሎክሰቲንም ሆነ አሚትሪፕቲሊን፣ ለውጣቸው መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የማቅለሽለሹ ወይም የአፍ መድረቁ ስሜት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል። ይሄን አስቀድሞ ያልነገሩት ሰው «መድኃኒቱ ጭራሽ አሳመመኝ» ብሎ ቢያቆም አይፈረድበትም።

ጅማ ላይ ደግሞ ጫትን ሳያነሱ ስለዚህ ጉዳይ ማውራት አይቻልም። ከሰዓት የተቃመ ጫት ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳል። ምርቃናው ሲወርድ ድባቴው ይከተላል። በጨብሲ ሲዘጋማ መጠጡ ራሱ ድብርቱን ያባብሰዋል። ታካሚው ተግሣጽ ፈርቶ ይሄን ከደበቀ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሊቀይር ይችላል። እባካችሁ እውነቱን ንገሩ። ባለሙያዎችም ሳትቆጡ ጠይቁ።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ቀጠሮ ማለፉ፣ ትራንስፖርቱ፣ የመድኃኒቱ ዋጋ፣ ይሄ ሁሉ ክኒን ያስቋርጣል። እዚህ ላይ ቤተሰብ ትልቅ ጉልበት አለው። «ጠንከር በል» ከማለት ይልቅ ቀጠሮውን አስታውሶ አብሮ መሄድ ይረዳል። ጸበልም ሆነ ዱዓ ከክኒኑ ጋር አብሮ መሄድ ይችላል፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመክራል። ሲቆምም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው። በዚህ መሐል ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ለቅርብ ሰው ተናግሮ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።