የፋይበርግላስ ኮርኒስ እና ድምፅ፦ ጎንደር ውስጥ የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳራሽ እንድለካ ስጠራ መጀመሪያ የማወጣው ሜትር አይደለም። መሀል ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ አጨበጭባለሁ። ባለቤቱ ግራ ገብቶት ያየኛል፤ ረዳቶቼ ለምደውታል። ጭብጨባው እዚያው ከቀረ ክፍሉ ደህና ነው። ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ከቆየ ሥራ አለብን ማለት ነው። ጎንደር ውስጥ በቅርብ ዓመታት የተሠራ የስብሰባ አዳራሽ ወይም የሆቴል ምግብ ቤት በአብዛኛው ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን፣ ፊት ለፊቱ መስታወት፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው። ሁሉም ለዓይን ያምራል፤ ሁሉም ድምፅ ይመልሳል። በጥምቀት ሰሞን እንግዳው ሞልቶ፣ አንዱ ጠረጴዛ ሌላውን ለመብለጥ እየጮኸ፣ አስተናጋጁ ትእዛዝ በእጅ ምልክት ሲቀበል አይቻለሁ።

ለዚህ ዓይነቱ ክፍል የፋይበርግላስ ሰሌዳ ሁነኛ መፍትሔ ነው። ቀጫጭን የመስታወት ጭረቶች በማጣበቂያ ተያይዘው የተጠፈጠፉበት ቀላል ሰሌዳ ሲሆን ፊቱ በስስ ጨርቅ ይሸፈናል። ድምፅ ሲገባበት በጭረቶቹ መካከል ያለው አየር ይፋተጋል፤ የድምፁ ጉልበት ወደ ኢምንት ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። ሥራው ይኸው ነው። ችግሩ ሰው ከዚህ ያነሰም የበለጠም ይጠብቅበታል።

"ፋይበርግላስ ከተገጠመ ድምፅ ወደ ጎረቤት አይወጣም"

ከሰማኋቸው ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያስባከነው ይህ ነው። አንዲት የአዝማሪ ቤት ባለቤት ጎረቤት ስላማረረባቸው ልጃቸውን ልከው አስጠሩኝ። ስደርስ ሰሌዳው ተገዝቶ ጥግ ላይ ተደርድሯል። "ልጄ፣ ይህን ግጠምልኝና ከሰው አስታርቀኝ" አሉኝ። "እትዬ፣ ይህ ማሲንቆውን ያሳምርልዎታል እንጂ ከጎረቤት አያስታርቅዎትም" ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሥራ የጠላሁ መሰላቸው።

አንዱን ሰሌዳ አንሥቼ ጀርባውን አፌ ላይ ገጠምኩና እፍ አልኩበት። በማዶው እጃቸውን ቢያስጠጉ ትንፋሼ ደረሳቸው። ትንፋሽ የሚያሳልፍ ነገር ድምፅንም ያሳልፋል። ድምፅን መዋጥ እና ድምፅን ማገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚውጠው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው፤ የሚያግደው ከባድና አየር የማያስገባ ነገር ነው። ፋይበርግላስ የመጀመሪያው ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁካታ ስለሚቀንስ ወደ ውጭ የሚወጣውም በመጠኑ ይቀንሳል፤ ጎረቤት ግን ልዩነቱን አያስተውለውም።

በዚያ ቤት ድምፁ የሚወጣው በሦስት በኩል ነበር፦ ከበሩ ሥር ሁለት ጣት በሚያስገባው ክፍተት፣ በአንድ ንብርብር ስስ መስታወት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግድግዳውና ቆርቆሮው በማይገናኙበት የጣሪያ ጠርዝ። እነዚህን ደፈንን። ጎረቤት ባለበት በኩል ከነባሩ ግድግዳ በጥቂት ሴንቲ ሜትር የራቀ ሁለት ንብርብር ጂፕሰም አቆምን፤ ከገዙት ፋይበርግላስ ግማሹ በመሀሉ ገባ። እንዲህ በሁለት ከባድ ገጾች መካከል ሲገባ ማገዱንም ያግዛል። ቀሪው ኮርኒስ ላይ ወጣ። ጎረቤትየው ዛሬም ከበሮውን ይሰማል፤ ግጥሙን ግን አይሰማም። የአዝማሪ ቤት ጎረቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፋው በግጥሙ ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ሁለት ቁጥሮች ጠይቁ። ኤንአርሲ የመዋጥ አቅም ነው፤ 0 ምንም አይውጥም፣ 1 ሁሉን ይውጣል ማለት ነው፤ ጥሩ ፋይበርግላስ ከ0.85 በላይ ይደርሳል፤ ለስላሳ ጂፕሰም 0.05 አካባቢ ነው። ሲኤሲ ደግሞ ድምፅ በኮርኒሱ በላይ አልፎ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዳይሻገር የማገድ አቅም ነው። ኤንአርሲው ከፍ ያለ ቀላል ፋይበርግላስ ብዙ ጊዜ ሲኤሲው ዝቅተኛ ነው። ግድግዳቸው ሶሌታው ድረስ ሳይደርስ ኮርኒሱ ላይ የሚያበቃ ቢሮዎች ውስጥ የኃላፊው ምሥጢር በላይ በኩል ተሻግሮ ጸሐፊዋ ጋር የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

"ካርቶኑ ላይ 0.95 ከተጻፈ 0.95 አገኛለሁ"

እንደ አሰቃቀሉ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የኮርኒስ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ የሚፈተነው ከጠንካራው ጣሪያ 40 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ተንጠልጥሎ ነው፤ አሰቃቀሉ ኢ-400 ይባላል። ያንኑ ሰሌዳ ሶሌታው ላይ በማጣበቂያ የለጠፈ ሰው የተጻፈውን ቁጥር አያገኝም፤ በተለይ የወፍራም ድምፁ ነገር ይበላሻል።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የ100 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ 3.4 ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ጠንካራ ገጽ ላይ አየሩ መንቀሳቀሻ የለውም፤ በብዛት የሚወዛወዘው ከገጹ የሞገዱን ሩብ ያህል ሲርቅ ነው። አየሩ በማይወዛወዝበት ቦታ መፋተግ የለም፤ ካልተፋተገም አይዋጥም። 2 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ሶሌታ ላይ ተለጥፎ የንግግሩን ቀጭን ድምፅ፣ የ"ሰ"ንና የ"ሸ"ን ፉጨት ብቻ ይበላል፤ ጉርምርምታው እንዳለ ይቀራል። ክፍሉ የታፈነ ሆኖ ሳለ ይጮኻል፤ ደስ የማይል ነገር ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ከሆነ 10 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ክፍተትም ቢሆን ይጠቅማል፤ ካልሆነ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን መምረጥ ነው።

ኤንአርሲ ራሱም የሚለካው በ250፣ በ500፣ በ1000 እና በ2000 ኸርዝ ብቻ ሲሆን የአራቱ አማካይ ነው። ስለ ንግግር ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ከበሮ እና ስለ ትልቅ ስፒከር ምንም አይነግረንም።

"ኮርኒሱ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ግማሽ ሥራ አይሠራም"

ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው። እኔም የማተርፈው ሙሉ ሲሆን ነውና ለራሴ ኪስ እየተናገርኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ዋላስ ሴቢን የተባለ የሐርቫርድ የፊዚክስ መምህር እ.ኤ.አ. በ1895 አንድ የማይደመጥ የትምህርት አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዝዞ፣ ከቲያትር ቤት የወንበር ትራስ በሌሊት እያመጣ እየደረደረ ድምፁ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይለካ ነበር። ከዚያ ድካም የወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ይባዛና ክፍሉ ውስጥ ላለው ጠቅላላ የመዋጥ አቅም (የእያንዳንዱ ገጽ ካሬ በመዋጥ ቁጥሩ ተባዝቶ ሲደመር) ይካፈላል። ውጤቱ ድምፁ እስኪጠፋ የሚፈጀው ሰከንድ ነው።

15 በ10 ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር የሆነ አዳራሽ እንውሰድ። ይዘቱ 600 ሜትር ኩብ ነው። ሴራሚኩ፣ ልስኑ፣ ወንበሩና መጋረጃው ተደምረው የ30 ካሬ ያህል የመዋጥ አቅም አላቸው እንበል። ድምፁ 3.2 ሰከንድ ይቆያል፤ ንግግር አይደመጥም። የኮርኒሱን ግማሽ፣ 75 ካሬ፣ ኤንአርሲው 0.9 በሆነ ሰሌዳ ብንሸፍን 67.5 ይጨመራል፤ ሰከንዱ ወደ 1 ይወርዳል። ቀሪውን 75 ካሬ ስንጨምር 0.6 ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ሰከንድ ከነምናምኑ ቀነሰ፤ ያንኑ ያህል ገንዘብ የወሰደው ሁለተኛው ግማሽ 0.4 ብቻ። ለስብሰባና ለሠርግ አዳራሽ አንድ ሰከንድ አካባቢ መልካም ነው። የተረፈው ገንዘብ ወደ ግድግዳ ቢሄድ ይሻላል፤ ምክንያቱም ኮርኒሱ ሙሉ ቢሸፈንም ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች ጭብጨባውን እንደ ኳስ መቀባበላቸውን አይተዉም። አንደኛው ግድግዳ ላይ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ጥቂት ሰሌዳ መስቀል ይህን ይሰብረዋል።

"የክረምቱን የቆርቆሮ ጩኸት ፋይበርግላስ ያጠፋዋል"

ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ላይ ቆርቆሮ ሥር ያስተማረ ሰው ይህን ጥያቄ ለምን እንደሚያነሣ ይገባኛል። ዝናቡ ሲመጣ መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጣል፤ በረዶ ከተቀላቀለበትማ ተማሪው ራሱ ጆሮውን ይይዛል።

ቆርቆሮው ከበሮ ነው፤ ጠብታዎቹ መምቻ። ከሥሩ ርቆ የተንጠለጠለ ቀላል ሰሌዳ ጥቂት ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ድምፁ በሰሌዳው ውስጥ አልፎ ይወርዳል። የሚሠራው ሁለት ነገር በአንድ ላይ ሲደረግ ነው። አንደኛው የመስታወት ሱፉን፣ ማለትም ሰሌዳ ሆኖ ያልተጠፈጠፈውን ለስላሳ ፋይበርግላስ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነክቶ እንዲቀመጥ ማድረግ፤ እጅ ሲያርፍበት ከበሮ እንደሚታፈነው የቆርቆሮው ንዝረት ይታፈናል። ሁለተኛው ከታች ክብደት ያለው፣ ዳር ዳሩ በደንብ የተደፈነ ጂፕሰም ኮርኒስ መሥራት። የሚውጠው ሰሌዳ ከጂፕሰሙ በታች ይመጣል፤ እሱ የክፍሉ ውስጥ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የምስማሩ ቀዳዳ ሁሉ ይፈተሽ። የመስታወት ጭረት ውኃ አይጠጣም፤ በጭረቶቹ መካከል ግን ውኃ ይቋጠራል፤ የተቋጠረ ውኃ ደግሞ ነጩ ሰሌዳ ላይ ቡና የፈሰሰበት ነጠላ የሚመስል ክብ ይተዋል። ጠል ሌላው ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሰው የሞላበት ክፍል እንፋሎት ወጥቶ ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ይሆናል፤ ስለዚህ ከሱፉ በታች፣ በሞቃቱ በኩል፣ እንፋሎት የማያሳልፍ ላስቲክ ወይም ፎይል ይዘርጋ። አይጥ አይገባበትም የሚለውንም አትመኑ፤ አትበላውም እንጂ ጎጆ ለመሥራት ትወደዋለች።

"የእንቁላል ካርቶን ወይም ስፖንጅ በርካሽ ያንኑ ይሠራል"

የእንቁላል ካርቶን አይሠራም። ስስ ነው፤ ቅርጹ ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ይበታትናል እንጂ ንግግሩን አይውጠውም። ስፖንጅ በእውነት ይውጣል፤ ግን ይቀጣጠላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ 100 ሰዎች፣ በ2013 በብራዚል ሳንታ ማሪያ 242 ሰዎች በምሽት ክበብ ቃጠሎ ያለቁት ለድምፅ ተብሎ የተለጠፈ ስፖንጅ ከመድረክ ርችት እሳት ይዞ ነው። ርችትና ሻማ በማይጠፋበት የሠርግ አዳራሽ ስፖንጅ ጣሪያ ላይ እንድለጥፍ የጠየቀኝን ሰው ሥራ አልቀበልም። የመስታወት ጭረት አይነድም፤ ማጣበቂያውና የፊቱ ጨርቅ ግን ሊነዱ ስለሚችሉ የእሳት ደረጃው ለሙሉው ሰሌዳ መሆኑን ጠይቁ።

"ፋይበርግላስ እንደ አስቤስቶስ ካንሰር ያመጣል"

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1988 የመስታወት ሱፍን "ካንሰር ሊያመጣ ይችላል" ከሚባሉት ተርታ መድቦት ነበር፤ በ2001 እንደገና መርምሮ ለግንባታ የሚውለውን ወደ ምድብ 3፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ነው ሊባል ወደማይችለው፣ አወረደው። አስቤስቶስ በቁመቱ እየተሰነጠቀ የባሰ ይቀጥናል፤ ሳንባ ውስጥም አይሟሟም። የመስታወት ጭረት በወርዱ ይሰበራል፤ ሰውነት ውስጥም ቀስ እያለ ይሟሟል።

ይህ ማለት በባዶ እጅ ይያዝ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ሥራዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ስቆርጥ ውዬ ሌሊቱን ሳክ አደርኩ፤ ባለቤቴም ሸሚዜን ከልጆቹ ልብስ ጋር አጥባ እነሱንም አሳከከቻቸው። ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ እና መነጽር ያስፈልጋል፤ የሥራ ልብስ ለብቻው ይታጠባል። በስለታም ቢላዋ መቁረጥ ነው፣ በመጋዝ አይደለም፤ የተቆረጠው ጠርዝም በጠርዝ ቀለም ይታሸግ።

"ሰሌዳው ቀላል ስለሆነ አሰቃቀሉ አያሳስብም"

ቀላልነቱ ራሱ ጣጣ አለው። የጣሪያው ጠርዝ ክፍት ከሆነ ወይም በር በኃይል ሲዘጋ ሰሌዳው ከቲው (ሰሌዳዎቹ ከሚያርፉበት የብረት ፍሬም) ላይ ይነሣና ተጣሞ ይቀመጣል፤ መያዣ ክሊፕ ይደረግለት። የዋናው ቲ ማንጠልጠያ ሽቦ ከ120 ሴንቲ ሜትር አይራራቅ። መብራት በራሱ ሽቦ ይንጠልጠል እንጂ ሰሌዳው ላይ አይጫን።

"ሲያረጅ ቀለም መቀባት ነው"

ማራኪ አካባቢ አንድ አዳራሽ ሠርቼ ነበር፤ ሳስረክብ ጭብጨባው እዚያው ይቀር ነበር። በሁለተኛው ዓመት ለሌላ ጥገና ተጠራሁ። ኮርኒሱ እንደ ወተት ነጥቷል፤ ባለቤቱም "እንዴት አመረ፣ አይደል?" አሉኝ። መሀል ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ አራት ጊዜ ተመለሰልኝ። ቀለም ቀቢው በሮለር ሁለት ዙር ሄዶበት የጨርቁን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኖታል።